ስድስት ጠርሙስ ጥቁር

እቴቴ በመስኮቱ ብርሃን አረንጓዴ፣ በጠረጴዛው መብራት ሥር ደግሞ ሐምራዊ ትሆን ነበር። ጧት ቡናዬን ይዤ ስቀርባት ነጠላዋ ላይ ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ አያለሁ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ያው ነጠላ በቀይ ሥር ውሃ የታለለ ይመስላል። በልጅነቴ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠኝ የነበረችው የእቴቴ ፎቶግራፍ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው! በ1964 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ጠርዟ የተበላ አንዲት ወረቀት ናት ዋናዋ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንቴ ስካን አድርጌ፣ አሳድጌ፣ ባለኝ ፕሪንተር ሦስት ጊዜ አተምኳት። ሦስቱንም ጊዜ ያልጠራሁት ቀለም ሾልኮ ገባ።

«ፕሪንተርህ ግራጫ የሚባል ነገር የለውም» አለኝ ሰርግ የሚያነሳው ጓደኛዬ። «ሰማያዊውን፣ ሮዙንና ቢጫውን እየቀላቀለ ነው ግራጫ የሚያስመስልልህ። ብርሃኑ ሲለወጥ ቅልቅሉ ይጋለጣል።» ከዚያም ቨርሞንት ስለሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ አታሚ ነገረኝ። ሴትዮዋ ከፕሪንተራቸው ቀለሙን ሁሉ አውጥተው በየጉድጓዱ ጥቁር ሞልተውበታል።

«በሁሉም?»

«በስድስቱም። ግን ስድስቱ ጥቁር አንድ አይደለም።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ጥቁር እንዴት ስድስት ይሆናል? በማግስቱ ደወልኩላቸው። ሁለት ቀን ሊያስተምሩኝ ተስማሙ፤ ትኬቴን ቆረጥኩ።

በመጋቢት አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ጧት፣ ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ቨርሞንተር የተባለውን ባቡር ተሳፈርኩ። እቴቴን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ዋሽንግተን ላይ ዛፎቹ እምቡጥ ቋጥረው ነበር። ባልቲሞር፣ ፊላደልፊያ፣ ኒውዮርክ እያልን ወጣን። ከስፕሪንግፊልድ ወዲያ ባቡሩ የኮነቲከትን ወንዝ ይዞ ወደ ሰሜን ሲያቀና ግን ዓለም ቀለሟን ማራገፍ ጀመረች። መጀመሪያ አረንጓዴው ጠፋ። ቀጥሎ ቡናማው። ከብራትልቦሮ ካለፍን በኋላ በመስኮቱ የሚታየው በረዶ፣ የዛፍ ግንድና ጭጋግ ብቻ ሆነ።

ቨርሞንት ስሙን ያገኘው ከአረንጓዴ ተራሮቹ ነው፤ እኔ ግን አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ሳላይ ገባሁ፤ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም! እስከዚያ ቀን ድረስ በረዶን ነጭ እያልኩ እጠራ ነበር። አሁን ፊቴን ከመስታወቱ ጋር አጣብቄ ሳየው ሜዳው ላይ ያለው ሌላ፣ ጥላ ያረፈበት ሌላ፣ በወንዙ ዳር ቀልጦ እንደገና የረጋው ሌላ ነው። ግራጫ የሚለው ቃል አልበቃ አለኝ። የአገሬ ከብት ጠባቂዎች ቃል ትዝ አለኝ፤ ዳልቻ፣ ቡላ፣ አመድማ። ጎጃም ውስጥ አንድ እረኛ ለላሞቹና ለበቅሎዎቹ ይህን ሁሉ የግራጫ ስም ሲያወጣ፣ እኔ አሜሪካ ሆኜ ለአንድ ተራራ ሙሉ በረዶ አንድ ቃል ይዤ መምጣቴ ገረመኝ። ገና ጥቁሩን ሳልማር በረዶው ማስተማር ጀምሮ ነበር።

ኋይት ሪቨር ጀንክሽን ስደርስ ሊመሽ ነው። አስተማሪዬ ራሳቸው በጭቃ የተለሰነ ፒክአፕ ይዘው ጠበቁኝ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጣቶቻቸው ጥፍራቸው ሥር እስካለው ስንጥቅ ድረስ ጠቁረዋል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን እነዚያን እጆች እንዳየሁ በልቤ አንቱ አልኳቸው።

የሥራ ቤታቸው የድሮ የከብት በረት ነው፤ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ረጅም፣ መሃሉ ላይ የእንጨት ምድጃ ይነዳል። ገና ስገባ ዓይኔ ወደ መስኮቱ ሄደ። ደፉ ላይ ትናንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው ወርቅማ፣ ቀጥሎ ጠጅ የመሰለ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ የመጨረሻው ሊጠቁር የደረሰ። የምሽቱ ብርሃን ከኋላቸው ስለሚገባ አራቱም ያበራሉ። «ቀለሞቹ እነዚህ ናቸው?» አልኳቸው። ሳቅ አሉና አንዱን ከፍተው በማንኪያ አቀመሱኝ። ጣፈጠኝ! የሜፕል ሽሮፕ ነው። ወቅቱ የዛፉ ውሃ የሚቀዳበት ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቀን ሲሞቅ ከግንዱ የሚንጠባጠበውን ጎረቤታቸው ሰብስቦ ቀንና ሌሊት ያፈላዋል። አንድ ጋሎን ሽሮፕ ለማግኘት 40 ጋሎን ያህል የዛፍ ውሃ ይፈላል። ገበሬዎቹ ሽሮፑን በጥቁረቱ ደረጃ ለይተው ስም ሰጥተውታል፤ ወርቃማ፣ አምበር (ቡናማ ቢጫ)፣ ጥቁር፣ በጣም ጥቁር።

«እነሱ ውሃውን አውጥተው ያጠቁራሉ» አሉኝ፤ «እኛ ነገ ውሃ ጨምረን እናነጣለን። ሥራው አንድ ነው።»

ዓርብ ጧት ሌላኛው መስኮት ዘንድ ወሰዱኝ። ስድስቱ ጥቁሮች እዚያ ነበሩ። በየጠርሙሱ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ተለጥፏል፤ 100፣ 30፣ 18፣ 9፣ 6፣ 2። የመጀመሪያው ያልተበረዘ ጥቁር ነው። ቀጣዩ በመቶ 30 ጥቁር፣ ቀሪው ማቅጠኛ ነው። እንዲህ እያለ ይወርድና ስድስተኛው ላይ ከመቶ እጅ ጥቁሩ ሁለት ብቻ ይሆናል። ፕሪንተሩ ደግሞ ቆየት ያለ ኤፕሰን 1400 ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሰማያዊና ፈዛዛ ሮዝ ይዞ ነበር። አሁን በሰማያዊው ቦታ 30 ቁጥር፣ በሮዙ ቦታ 18 ቁጥር ገብቷል። በቢጫው ቦታ የተቀመጠው ሁለት ቁጥር ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ከትንፋሽ የማይበልጥ ግራጫ።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? አንድ ጥቁር ብቻውን አይበቃም? አጉሊ መነጽር ሰጡኝና በአንድ ጥቁር ብቻ የታተመ ፎቶግራፍ አሳዩኝ። የአንድ ሕፃን ጉንጭ ነው። በሩቁ ያምራል። በመነጽሩ ሳየው ግን በነጭ ጤፍ ዱቄት ላይ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ ሆነብኝ። ፕሪንተሩ ጥቁሩን ማቅጠን ስለማይችል ጠብታዎቹን ያራርቃል፤ ፈዛዛ ግራጫ ማለት ለእሱ የተራራቀ ጥቁር ነው። ፋብሪካዎቹ ይህን አዝሙድ ለመደበቅ ነው ሌሎቹን ቀለሞች የሚቀላቅሉት፤ የእኔም እቴቴ አረንጓዴና ሐምራዊ የሆነችው በዚህ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ጉንጭ በስድስቱ ጥቁር ታትሞ አየሁት። መነጽሩን አስጠጋሁ፤ ራቅ አደረግሁ፤ እንደገና አስጠጋሁ። አዝሙዱ የለም! ቀጭኑ ቀለም ተጠጋግቶ፣ ተደራርቦ፣ ወረቀቱን ሙሉ አልብሶታል። ቆዳ ነው፤ የሚነካ ቆዳ።

እያንዳንዷ ትንሿ ጠብታ አንድ ተኩል ፒኮሊትር ናት። ይህ ማለት ከአንድ ሚሊ ሊትር፣ ከሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ማለት ነው፣ ከ600 ሚሊዮን በላይ ጠብታ ይወጣል። እንዲህ አድርጎ የሚያንጠባጥበው ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚጣመም ጠጣር ነገር ነው። የኪዩሪ ወንድማማቾች፣ ዣክና ፒየር፣ በ1880 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ አገኙ፤ ፕሪንተሩ የሚሠራው በግልባጩ ነው። ኤሌክትሪኩ ያጣምመዋል፣ ሲጣመም ቀለሙን ይገፋዋል። ሙቀት የለም፣ መፍላት የለም። ስለዚህም የተለያየ ቀለም ቢሰጡት እሺ ብሎ ያንጠባጥባል። የሙያው ሁሉ በር የተከፈተው በዚህ ነው።

ከዚያ መበጥበጥ ጀመርን። ይህን ቃል ሆን ብዬ ነው የተጠቀምኩት። እኛ ዘንድ ቀለም ይበጠበጣል።

ጠረጴዛው ላይ የቀረበው እንዲህ ነው፤ ያልተበረዘው የካርቦን ጥቁር፣ በአገራችን የባትሪ ውሃ የምንለው ከማዕድን የጸዳ ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ እንዲሁም የፎቶ ባለሙያዎች ፊልም ሲያጥቡ ውሃው ጠብታ ሳይሠራ እንዲንሸራተት የሚጨምሩት ፎቶ ፍሎ የሚባል ፈሳሽ። ግሊሰሪኑን ሳይ ልቤ ደነገጠ። እናቴ በጥቅምት ብርድ እጃችን እንዳይሰነጠቅ የምትቀባን ያ ግሊሰሪን ነው! እዚህም ሥራው ያው ነው፤ ከፀጉር የቀጠነችው የፕሪንተሩ ቀዳዳ እንዳትደርቅ ያረጥባታል። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ግን አይፈቀድም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ብናኙን ያጓጉለዋል።

በመጀመሪያ ሁለት ቁጥርን አሠሩኝ። 98 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ቀዳሁ። በስሪንጅ ሁለት ሚሊ ሊትር ጥቁር ስቤ አንገቱ ላይ ያዝኩት። «ቀስ በል» አሉኝ፤ «አረፋ ጠላታችን ነው።» አረፋ ያለበት ቀለም ቀዳዳው ውስጥ አየር ይከታል፤ አየር የገባበት ቀዳዳ ደግሞ ፎቶግራፉ ላይ ነጭ መስመር ይጥላል። ጫን አልኩት። ጥቁሩ እንደ ጢስ ገመድ ወረደ፤ መሃል ላይ ሲደርስ ተፈታ፤ ተጠቀለለ፤ እንደ ደመና ተስፋፋ። ትንፋሼን ይዤ አየሁት። ሁለት ብቻ ነው የጨመርኩት፤ ጠርሙሱ ግን ጠቆረ! ይህ ነው ወረቀት ላይ የማይታይ ያህል የሚፈዘው? ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። አንገቱ ዘንድ፣ ፈሳሹ ከሚሳሳበት፣ በበረዶው ብርሃን ላይ ቡናማ ሆኖ ታየኝ። እንደ ስስ ሻይ። ጥቁር ሲቀጥን ቡናማ ይወልዳል! የካርቦን ብናኞቹ ከመድቀቃቸው የተነሳ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጠው ያስቀራሉ፤ ከፀሐይ ፊት የቆመ ጢስም ቡናማ የሚመስለው በዚሁ ነው።

ካርቦን ስል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ጥቁሩ ከምንድን ነው የተሠራው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከጥላሸት» አሉኝ። «ነዶ የቀረ ነው። ጥቀርሻ።»

ስሪንጁን አስቀመጥኩ። የአያቴ ወንድም የነበሩት መሪጌታ ፊቴ ላይ መጡ። የድስቱን ቂጥ በቢላ ፍቀው ጥቀርሻ ሲያጠራቅሙ፣ ገብስ ከሰል እስኪሆን ቆልተው ሲያስፈጩ፣ ከቅጠል ጋር በሸክላ ዘፍዝፈው ወራት ሲያቆዩት። ሲረጋ ጠፍጥፈው ያደርቁታል። መጻፍ ሲያምራቸው ቁራሽ ይሰብሩና ቀለም ቀንዱ ውስጥ በውሃ ይበጠብጡታል፤ መቃ ብርዓቸውን ነክረው ብራናው ላይ ይጥሉታል። ውሃው ሲበዛ ፊደሉ ይሳሳል፤ ሲያንስ ብርዑ አይጽፍም። ልኩን የሚያውቁት በጣታቸው ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን የድህነት ሥራ አድርጌ አየው ነበር። አሁን ከአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ወዲህ፣ በአሜሪካ በረዶ መሃል፣ ለዚያው ጥቀርሻ ጓንት ለብሼ፣ በስሪንጅ እየለካሁ ቆሜያለሁ!

ይህንን ነገርኳቸው። ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ የቀለማት ዕድሜ ነገር አነሱ። በቀለም ፕሪንተር ውስጥ ያሉት ሰማያዊና ሮዝ በብርሃን ብዛት ይሞታሉ፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ስለሚሞት ግራጫው ወደ ቀረው ያደላል። ጥላሸት ግን አንዴ ነዷል፤ ከእንግዲህ ብርሃን የሚወስድበት ነገር የለውም። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል፣ ብራናው በካርቦን ምርመራ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዘመን መካከል የተዘጋጀ መሆኑን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። እኛ ጥላሸት መቀባት የምንለው ስም ማጥፋትን ነው። ያን ቀን ግን የሰውን ስም ከጥላሸት የተሻለ የሚያቆይ ነገር እንደሌለ አየሁ፤ አባቶቻችን የጻፉልን አብዛኛው በእሱ ነው።

ማታ ሾርባ እየበላን የሙያውን ታሪክ አወሩኝ። ዘፋኙ ግሬሃም ናሽ በ1991 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ናሽ ኤዲሽንስ የተባለውን ማተሚያ ከፍቶ፣ ለሌላ ሥራ የተሠራውን አይሪስ የተባለ ማሽን ለፎቶግራፍ አዋለው። እዚሁ ቨርሞንት ውስጥ፣ ቶፕሻም በምትባል መንደር ደግሞ ጆን ኮን የተባለ አታሚ ፒዬዞግራፊ ብሎ የሰየመውን ዘዴ አቋቋመ፤ በኋላም የጥቁር ደረጃዎቹን እስከ ሰባት አደረሳቸው። የካሊፎርኒያው ፎቶ አንሺ ፖል ሮርክ ጥቁርን እንዴት በቤት እንደሚያቀጥኑ ቀመሩን ለማንም በነፃ ሰጠ። ሮይ ሃሪንግተን ኳድቶንሪፕ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ፤ ለፕሪንተሩ «በሰማያዊው ቦታ ያለው ሰማያዊ አይደለም፤ ይህን ያህል ቀጭን ጥቁር ነው» ብሎ የሚነግረው እሱ ነው። ፋብሪካዎቹም ዘግይተው ሰሙ፤ ኤፕሰን በ2005 እ.ኤ.አ. ሦስት ደረጃ ጥቁር የያዙ ፕሪንተሮችን አወጣ። ከሁሉም የወደድኩት ግን የዊልሰን ቤንትሌይን ታሪክ ነው። ጄሪኮ በምትባል የቨርሞንት መንደር ገበሬ ነበር። በ1885 እ.ኤ.አ. የበረዶ ቅንጣትን በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አነሳ፤ እስኪሞት ድረስ ከ5,000 በላይ አነሳ። ቅንጣቷ ጎልታ እንድትታይ ከኔጋቲቩ ላይ ዙሪያዋን በቢላ እየፋቀ መደቡን ጥቁር ያደርገው ነበር። ነጭን ለማሳየት ጥቁር የሚቆርጥ ገበሬ! ይህ አገር ለምን የጥቁርና ነጭ አገር እንደሆነ ገባኝ።

ቅዳሜ ጧት የበጠበጥነው ቀለም አርፎ፣ አረፋው ጠፍቶ ጠበቀን። ብናኝ ቀለም እንደ ጠላ ነው፤ ከቆየ ይተኛል፣ አተላው ከታች ይቀራል። ስለዚህ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል። እንደገና የሚሞሉትን ካርትሪጆች በስሪንጅ ሞላን። ሴትዮዋ እዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። ጥቁር ሁሉ ጥቁርን አይተካም። ውሃ ውስጥ የሟሟ ቀለም አለ፤ እንደ እኛ ጥቀርሻ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ብናኝም አለ። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የሁለት ፋብሪካ ብናኝ እንኳን ሲገናኝ ሊረጋና ቀዳዳውን ሊደፍን ይችላል፤ አዲስ ዓይነት ከመግባቱ በፊት አሮጌው ታጥቦ መውጣት አለበት። ለደብዛዛ ወረቀት የተሠራውን ጥቁር አንጸባራቂ ወረቀት ላይ አትመው በጣቴ እንድነካው ሰጡኝ፤ ተላቆ ጣቴ ላይ ቀረ። ወረቀቱ አልተቀበለውም።

የመጀመሪያው ሕትመት ፊት አይደለም፤ መሰላል ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር 21 እርከን፣ በየአምስት በመቶው አንድ። ሲወጣ ላዩ ያምራል፤ ታች ግን የመጨረሻዎቹ አራት እርከኖች ተጣብቀው አንድ ጨለማ ሆነዋል። በመለኪያ መሣሪያ እያንዳንዱን እርከን አነበቡ፤ ቁጥሮቹን ለፕሮግራሙ ሰጡ፤ ፕሮግራሙ የየጠርሙሱን ድርሻ እንደገና አከፋፈለ። ሁለተኛው መሰላል ወጣ። አሁን እያንዳንዱ እርከን ከጎረቤቱ እኩል ይርቃል። ጨለማው ውስጥ እንኳን በጣት እየቆጠርኩ ወረድኩ፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ። ጥቁር ውስጥ ደረጃ አለ! ከጥቁር በታች ሌላ ጥቁር አለ!

«አሁን እመቤቲቱን አምጣት» አሉኝ።

ለእቴቴ የመረጡት ወረቀት ሃነሚውለ ነው፤ በ1584 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የጀርመን ወረቀት ፋብሪካ የሚሠራው፣ እንጨት የሌለበት፣ መቶ በመቶ ጥጥ። በእጄ ስዳስሰው ሸማ ሆነብኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። የጥላሸት ቀለም ጥጥ ላይ ሲያርፍ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ይሙቅ ወይስ ይቀዝቅዝ? ጥቂት ሰማያዊ ብናኝ ብንጨምርበት ቡናማው ይጠፋና ንጹሕ ግራጫ ይሆናል። ሰማያዊው ግን ከጥላሸቱ ቀድሞ ይሞታል፤ ከዓመታት በኋላ ፎቶግራፉ መልሶ ይሞቃል።

ለአፍታ እንኳን አላመነታሁም። አማርኛ ለሰው ፊት የሰጠው ስም ግራጫ አይደለም። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ ነው የምንለው። እቴቴ ጠይም ነበረች። አያቶቻችን ለፊት የሰጡት መሰላል እዚህ መስኮት ላይ በጠርሙስ ተደርድሯል፤ ጥላሸት ሲቀጥን የሚወልደው ቡናማ ደግሞ የእሷው መልክ ነው። «ሰማያዊ አልፈልግም» አልኳቸው። «እንዳለ ይሁን።»

ፕሪንተሩ ቀስ ብሎ ጀመረ። መጀመሪያ የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ወጣ፤ ከዚያ ሹሩባዋ፤ ክሩ ሁሉ ለየብቻው። ግንባሯ መጣ። ዓይኖቿ መጡ፤ ጥቁሩ ውስጥ ያለው የመስኮት ብርሃን ሳይቀር። ቆሜ ነበር፤ ተንበረከክሁ። ነጠላዋ ሲወጣ ፕሪንተሩ ዝም ያለ መሰለኝ። ነጩ ቦታ ላይ ቀለም የለም፤ ባዶው ጥጥ ነው ነጠላ የሆነው። ጥጡን የለየው እጥፋቱ ላይ ያረፈው ሁለት ቁጥር፣ ያ እንደ ጢስ ሲወርድ ያየሁት ጠብታ ብቻ ነው። ጥለቱን አየሁ። በእኔ ሕትመት አንድ ጭረት ነበር፤ እዚህ ሁለት መስመር ሆኗል፤ አንዱ ዳልቻ፣ አንዱ አመድማ። ቀይና አረንጓዴ ነበረ ይሆን? ሃምሳ ዓመት ያለፈው ክር ስለ ቀለሙ የሆነ ነገር ሹክ አለኝ።

«አንገቷ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

መነጽሩን ተቀበልኳቸው። ከአገጯ በታች፣ ጥላ ነው ብዬ የማልፈው ቦታ ላይ፣ ቀጫጭን መስመሮች እንደ ድርብ ሐብል አንገቷን ዞረው ይወርዳሉ። በስድስትና በዘጠኝ ቁጥር መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ብቻ የሚታይ ነገር። ንቅሳቷ ነው! በሕይወት ሳለች ጉልበቷ ላይ ተቀምጬ በጣቴ የተከተልኩት ንቅሳት። ዋናዋ ወረቀት ላይ ጊዜ አደብዝዞት፣ የእኔ ፕሪንተር በሐምራዊ ጭጋግ ሸፍኖት፣ እንደነበራትም ረስቼው ነበር። ሴትዮዋ እስክናገር ጠበቁኝ። እንዴት እንደሚነቀስ ነገርኳቸው፤ በልጅነቷ በእሾህ ወይም በመርፌ ተወግታ፣ ቁስሉ ላይ የሚቀባው ጥላሸት እንደሆነ።

«ጥላሸት» አሉ ቀስ ብለው። ጥቁር ጣቶቻቸውን አዩ፤ ከዚያ አንገቷን አዩ።

ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ወረቀቱ ሌሊቱን እንዲደርቅ ጠረጴዛው ላይ ተውነው። በውጭ የጎረቤቱ ጎጆ ጭስ ማውጫ እንፋሎት ይለቃል፤ አርባው ጋሎን አንድ ሊሆን እየተነነ ነው።

እሑድ በባቡር ስመለስ ካርቶኑን መክፈት አላቆምኩም። ቨርሞንት ላይ በበረዶው ሰማያዊ ብርሃን አየኋት። ኒው ሄቨን ላይ ሎኮሞቲቩ ሲቀየር የባቡሩ መብራት ጠፋ፤ ከጣቢያው በሚገባው ድንግዝግዝ አየኋት። ኒውዮርክ ከመሬት በታች ስንገባ በነጩ የመብራት ዘንግ ሥር አየኋት። ባልቲሞር አጠገብ፣ ከመሸ በኋላ፣ ከላዬ ባለችው ቢጫ የመቀመጫ መብራት አየኋት። ብርሃኑ አራት ዓይነት ሆነ። እቴቴ ግን ጠይም ነበረች።